ደፉን አትርገጪ

ባጃጁ ከዳገቱ ወገብ ደርሶ ደከመ፣
ሁለቴ አጓራና በጢሱ ውስጥ ቆመ።
«ከዚህ ወዲያ በእግር ነው» አለኝ ሸጋው ነጂው፣
«እኔ እዚሁ ልተኛ፤ ታሪኩን አንቺ ፍጂው።»

ክረምቱ ወጥቶ ነበር፤ ጭቃው ግን አልወጣ፣
ጫማዬ ላይ ተሳፍሮ ሊሳለም አብሮኝ መጣ።
ከታች ጎንደር ተኝታ ቆርቆሮዋ ሲያበራ፣
ከቀሃ ማዶ አህያ ከአህያ ጋር ሲጣራ፣
ስወጣ፣ ስወጣ፣ ትንፋሼን ስቆጥር፣
ግንቡ ከወይራው መሀል ብቅ አለ እንደ ነገር፣
ለዓመታት ተደብቆ ድንገት እንደሚነገር።

ጠባቂው አያ ደርበው፣ ካፖርት የደረበ፣
ትኬቴን ወደ ብርሃን አንስቶ አነበበ፣
ከዚያ ጫማዬን ደግሞ ዝቅ ብሎ ተመለከተ።
«ሁሉን ማየት ይቻላል» አለ እየከፈተ፤
«ደርቡን፣ መስኮቱን፣ ጓዳውን፣ የፈረሱን ማሰሪያ፤
ፎቶም ማንሳት ይቻላል፣ ከዚህም ሆነ ከዚያ።
ደፉን ግን፣ እህቴ፣
ደፉን አትርገጪ። ተሻገሪ።»

ተሻገርኩ።

አዳራሹ ጣሪያ የለው፤ በሰማይ ሸፍኗል ራሱን፣
ርግቦች ችሎት ይዘው ይሟገታሉ ውርሱን።
ከኋላው ግን ይጠብባል፤ ክፍሎች አሉ ጎን ለጎን፣
አንድ ሰው ብቻ የሚችሉ፣ እሱም ካጎነበሰ እንደሆን።
«እስር ቤት ነው?» አልኩት። ሳቀና ጥርሱ ታየ፤
«በፈቃዱ የታሰረ፣ ከዓለም የተለየ።»

ቁጭ አለ። ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋደመ።
«እኔም የሰማሁትን ነው፤ ያየው ሰውማ ከረመ።
መጀመሪያ ገዳም ነበር። ሽምብራ እየቆረጠሙ፣
ለሞተውም ላለውም እኩል እየቆሙ፣
መነኮሳት ኖሩበት። አንድ ጌታ ለአደን መጥቶ
ወይራው ሥር አረፈና፣ ነፋሱን አሽትቶ፣
‹ቤቴ እዚህ ነው› አለ።
ማን ‹አይሆንም› ይለዋል? ጦሩ ሜዳውን ሞልቷል፤
የመነኩሴ ትጥቁ ቅናት ነው፤ እሱን ማን መዞ ያውቃል?
ወረዱ። የት እንደገቡ የጻፈላቸው የለም።

የቀረው ደወላቸው ነው። የብረት እንዳይመስልሽ፣
ድንጋይ ነው፤ በጠጠር ቢመቱት ወንዝ ማዶ የሚሰማሽ።
ግንበኛው አየው፤ ረጅም ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ጠፍጣፋ፤
‹ለደፍ ይሆናል› አለ። አነጠፈው። በዚያው ጠፋ።

ጠፋ ተባለ እንጂ የት ጠፋ!
ግብር የበላው ሲወጣ፣ ባለጉዳይ ሲገባ በተራ፣
ፈረሱ በኮቴው፣ መኳንንቱ በጫማ፣
በረገጡት ቁጥር ደፉ ይጣራ ጀመር ለማታ።
ጌታው እንቅልፍ አጣ። ‹ማነው የሚደውለው?› ይላል።
‹ማንም የለም፣ ጌታዬ፤ ሰው ወጥቶ ሰው ገብቶ ይሆናል።›»

ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። ርግቦቹ ግን ቀጠሉ።
«እውነት ነው?»
«እኔ እንጃ። አስጎብኚዎቹ ሌላ ነው የሚሉ።
አንዱ የቱርክ ድንጋይ ነው ይላል፣ አንዱ የፖርቱጋል፤
እንግዳው በመጣ ቁጥር ድንጋዩ አገር ይቀይራል።»

አሥራ አንድ ተኩል ሲሆን ተነሣ ከተቀመጠበት፣
ጠጠር ከኪሱ አወጣ፣ መዳፉ ያለሰለሰበት፣
ጎንበስ ብሎ ደፉን መታው፣
ሦስት ጊዜ።

ብረት አይደለም ድምጹ። ውኃም አይደለም።
ከጥርሴ ሥር ገብቶ በጉልበቴ ወጣ።
ርግቦቹ ክርክሩን ጥለው ተነሡ።

«መዝጊያ ሰዓት ነው» አለኝ።
«ፊሽካ ሰጥተውኝ ነበር። ጠፋብኝ።»

ስወጣ እግሬን ከፍ አደረግሁ። ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣
ጫፉን ነካሁት። በተረከዜ። አውቄ።
አያ ደርበው ሰምቷል።
ፊቱን አላዞረም፤ ቁልፉን አዞረ።

ከታች ሸጋው ነቅቶ ባጃጁን ይወለውላል።
«ተለቀቁ?» አለኝ።
«እነማን?»
«ተማሪዎቹ። ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት ከላይ ደወል ይሰማል፤
ልጅ ሲወርድ ግን አይቼ አላውቅም።»